የተልባ አበባ ጥለት

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ብርድ አገር የሚኖር» አሉ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ጥያቄው ገና ተጠይቆ ሳያልቅ።

ጥያቄውን ያመጣው ይግረም የሚባል ወጣት ነው። ይግረም ከተማ ውስጥ ልብስ ይሸጣል። የእናቱ ወንድም ሞቶ ወደተወለደበት ደጋ የመጣው ትናንት ሲሆን፣ ቀብሩ ላይ የቆመው ደማቅ ቢጫ ጃኬት ለብሶ ነበር። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እናቱ አላናገረችውም። ማታ እራቱን አቅርባለት ፊቷን አዞረች፤ ጠዋትም ቁርሱን አስቀምጣለት ወጣች። ግራ ሲገባው ልጅ ሳለ ፊደል ወዳስቆጠሩት መምህር ሄደ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው።

«የኔታ፣ ብርድ ነው፤ ጃኬቱም የራሴ ነው። እኔ ራሴን የምመስለው እንዲህ ስለብስ ነው። ኀዘን በልብ ነው እንጂ በልብስ ነው እንዴ? ምን አጠፋሁ?» ነበር ያላቸው።

መሪጌታ ለጥያቄ በቀጥታ መልስ የመስጠት ልማድ የላቸውም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው እንዲህ ሲሉ ቀጠሉ።

ያ ገበሬ የሚኖርበት አገር ጥር ሲገባ ውርጩ አዝመራ የሚያቃጥልበት፣ ማለዳ ማለዳ አመዳዩ ሣሩ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስልበት አገር ነው። ሰዉ ሁሉ የሚለብሰው ጥቁር በርኖስ ነው። በርኖስ ያሞቃል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከትከሻ እስከ ባት ስለሚሸፍን፣ ሀብታሙም ድኻውም፣ መልከ መልካሙም ፉንጋውም ከሩቅ ሲታይ አንድ ነው። በዚያ አገር ሰውን ከሩቅ የምትለየው በሳሉ ነው።

ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም። ያርሳል፣ ይጸልያል፣ ሰው ሲቸገር ይደርሳል። አንድ ምኞት ግን ነበረው፤ መታየት ይፈልግ ነበር። ትልቅ ሰው መስሎ መታየት አይደለም፤ ራሱን መስሎ መታየት ነው። ይህን በደንብ ስማ፤ እኔም በሰውየው ላይ እንዳልፈርድ የሚከለክለኝ ይኸው ነው።

አንድ ዓመት በጥቅምት፣ ለጥምቀት የሚሆን ኩታ ሊያሠራ ወደ ሸማኔ ሄደ። የአገሩ ወንድ ጥለቱን የሚያስደርገው ቀይ ነው። አባቱም አያቱም ቀይ ነው የለበሱት። እሱ ግን ከማሳው ዳር ያበበ ተልባ ቀጥፎ፣ እንዳይጠወልግበት በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ወስዶ፣ «ጥለቱ ይህን ይምሰል» አለ።

ሸማኔው አበባውን አየ፤ ሰውየውን አየ። «የሚያምረው ቀይ ነው» አለው።

«ለሌላው ቀይ ያምራል። ለእኔ ይኼ ነው።»

ሸማኔው ክሩን ሁለት ጊዜ ነክሮ ሳይሆንለት ቀረ፤ በሦስተኛው አገኘው። ኩታው አልቆ ሲዘረጋ ጥለቱ ማለዳ ላይ ያበበ የተልባ ማሳ መሰለ። ሚስቱ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይኼስ አንተን ይመስላል» አለችው። ሰውየው ከዚህ በላይ ምስጋና ሰምቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

እንግዲህ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ይህን ያለው ሰው ግን ቆላ የተወለደ መሆን አለበት። ጥምቀት በደጋ የሚውለው ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወር መሆኑን አላሰበበትም።

የጥምቀት ማለዳ ሚስቱ በርኖሱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። አምና በዚሁ ጊዜ ደረቱን ታሞ ሊሞትባት ነበርና፣ «ያለ በርኖስ አትወጣም» አለችው።

«እሱን ከደረብኩበትማ ኩታውን ማን ያየዋል?»

«እግዜር ያየዋል።»

«እሱማ ሲሠራም አይቶታል» አለና እየከፋው ደረበው።

እሷ የበዓሉን ድግስ ልታሰናዳ ቤት ቀረች። ሌላም ሐሳብ ነበረባት። አባቷ ከገደሉ ማዶ ባለው መንደር ታመው ተኝተዋል፤ በዓሉ ካለፈ በማግሥቱ ሄዳ ልትጠይቃቸው አስባለች። መታመማቸውን መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ይህን አትርሳብኝ።

ሰውየው ጥምቀተ ባሕሩ ዘንድ ደረሰ። ሕዝቡ በሙሉ ጥቁር ነው። እሱም ጥቁር ነው። ኩታው ውስጥ ሆኖ፣ ጥለቱም በርኖሱ ሥር ባቱን እየነካው፣ ሦስት ወር የጠበቀው ቀን ሊያልፍበት ሆነ። በርኖሱን ፊት ለፊቱ ገለጥ አድርጎ ሞከረ፤ ነፋሱ ደረቱ ውስጥ ገብቶ አሳለው። መልሶ ዘጋው። ከዚያም አንድ ነገር ታየውና ከዛፍ ኋላ ዞር ብሎ ኩታውን አወለቀ፤ የታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ አዙሮ፣ ጥለቱን ከትከሻው እስከ አገጩ ጠቅልሎ፣ በርኖሱን ከላይ ደረበበት። አሁን ከጥቁሩ በላይ ያ የተልባ ሰማያዊ ወጥቶ ታየ። አንገቱንም አሞቀው። ደስ ብሎት ወደ ሕዝቡ ተመለሰ።

ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ልብስ ምን እንደሚናገር አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ሰው የሞተበት ሰው ነው አዘቅዝቆ የሚለብሰው። ገበሬውስ አያውቅም ነበር? ያውቃል። እናቱ የሞቱ ጊዜ እሱም እንዲሁ አዘቅዝቆ ለብሷል። ያን ማለዳ ግን በልቡ ኀዘን ስላልነበረ፣ በልብሱም ላይ ያለ አልመሰለውም።

ሰዎች አዩት። ከፊቱ ሲዘፍን የነበረ ጎረምሳ ዘፈኑን አቋረጠ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁለት። በድንበር ተጣልቶት ሁለት ዓመት ያላናገረው ጎረቤቱ መጥቶ ከጎኑ ቆመና፣ ምንም ሳይናገር ፀሐይ ያለበትን ቦታ ለቀቀለት። ሰውየው ይህን ሁሉ ባየ ጊዜ በሆዱ «ቀለም እንዲህ ሰውን ዝም ያሰኛል እንዴ!» አለ።

ዝም ያሉት ግን በሌላ ምክንያት ነው። በዚያ አገር ታቦት ወደ መንበሩ ሳይመለስ ለቅሶ አይጀመርም፤ ማንም ለማንም «እግዜር ያጽናህ» አይልም። ስለዚህ ሰዉ እርስ በርሱ ብቻ ተንሾካሾከ። «አማቱ ዐርፈዋል ማለት ነው። ሰምቶ፣ ለታቦቱ ክብር ሲል በሆዱ ይዞታል» ተባባለ። «ወይ አንጀት!» ያለም ነበር።

ታቦቱ እንደገባ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። መርዶውን ለሚስቲቱ እነሱ ሊያረዷት ተስማሙ። በዚያ ብርድ በርኖሳቸውን አውልቀው በክንዳቸው ያዙና፣ ሁሉም ኩታቸውን አዘቅዝቀው ወደ ሰውየው ቤት አመሩ። ለሰው ኀዘን ሲሉ እየበረዳቸው ሄዱ። ሰውየው ይህን አላየም። ሰው እንዲህ ባየው ቀን በቶሎ ወደ ቤት መግባት ስላላሰኘው፣ በጭፈራው መሃል አንድ ዙር ሊዞር ወደኋላ ቀርቶ ነበር።

ሚስቲቱ ድስት ጥዳ ሳለ የእግር ኮቴ ሰምታ ወጣች። ሽማግሌዎቹን አየች፤ አለባበሳቸውን አየች።

«ልጄ፣ አባትሽ ዐርፈዋል» አሏት ትልቁ ሽማግሌ።

ሚስቲቱ የበሩን መቃን ያዘች። «ማን አያቸው? ትናንት ጠዋት እህል ቀምሰዋል ብለው ልከውብኛል። ባሌ መጥቶ ካልነገረኝ አላምንም፤ አላለቅስምም» አለች።  እሷም እነሱም ቆመው ጠበቁት።

ገበሬው ከአጥሩ በር ብቅ አለ። አፉን አልከፈተም። አገጩ ሥር ግን ያ ሰማያዊ ጥለት ነበረ፤ ያን ቀለም ደግሞ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች። ሌላ ነገር አልጠበቀችም። ጉንጯን በሁለት እጇ ቦጨቀችው። ለበዓሉ የተሠራችውን ሹሩባ በምላጭ ላጨችው።

ሰውየው ደግሞ በበኩሉ ያየውን አስብ። ደጁ ላይ ሽማግሌዎች አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ሚስቱ ደም በደም ሆናለች። ከቤቱ ሰው የሞተበት መሰለውና «ወይኔ! ወይኔ!» ብሎ መሬት ላይ ተጣለ። እነሱ የሚያለቅሱት እሱ ስለለበሰው ነው፤ እሱ የሚያለቅሰው እነሱ ስላለቀሱ ነው። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ እንዲህ ሆኖ ብዙ ቆየ።

ነገሩን የፈታችው ጩኸቱን ሰምቶ ከተሰበሰበው ሰው መሃል የነበረች አልቃሽ ናት። አልቃሽ ያለ ሟች ስም ሙሾ አታወርድምና ወደ ሰውየው ጠጋ ብላ፣ «የአማትህን የፈረስ ስም ንገረኝ፣ በእሱ ላንሣላቸው» አለችው።

ሰውየው ቀና አለ። «አማቴን ምን አገኛቸው?»

ለቅሶው ቆመ። «መሞታቸውን የነገርከን አንተ አይደለህም እንዴ?» አለች።

«እኔ? ለማን ተናገርኩ?»

ትልቁ ሽማግሌ በከዘራቸው ጫፍ አገጩ ሥር ያለውን ጥለት ነካ አደረጉ። «አንተማ ምንም አላልክም። የነገረን ይኼ ነው» አሉት።

ከሰዉ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ በርኖሱን ደርቦ ሄደ። ሚስቲቱ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። ገብታ ፊቷን ታጠበች።

በማግሥቱ ባልና ሚስት ገደሉን ተሻግረው ሄዱ። አባቷን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ገንፎ ሲበሉ አገኟቸው። የተላጨ ራሷን አዩ፤ የተቦጨቀ ጉንጯን አዩ። «ልጄ፣ ማን ሞተብን?» አሏት። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። «በቁሜ አለቀሳችሁልኝ! እንግዲህ ስሞት አትቸገሩ» አሉ። ያን ዕለት ይህ ቀልድ ነበር።

በየካቲት መጨረሻ ሽማግሌው በእውነት ሞቱ።

ሰውየው መንደሩን ለቀብር ሊጠራ ወጣ። ያለው የክት ልብስ ያው የተልባው ኩታ ነው፤ አዘቅዝቆ ለበሰው። ይህን ጊዜ ቀለሙን አላሰበም። መንገድ ላይ ያገኘው የመጀመሪያው ሰው ከሩቅ አይቶት ፈገግ አለና፣ «ዛሬ ደግሞ ጥለቱን ሊያሳየን ወጣ» ብሎ አለፈ።

«አማቴ ሞቱ» አለው ለሁለተኛው።

«ስንት ጊዜ ነው የሚሞቱት?»

«እውነቴን ነው፣ ወንድሜ።»

«ያኔም እውነት መስሎን ነበር» አለና በሬዎቹን ነድቶ ሄደ።

ሰውየው ጩኸቱን አሰማ፤ ከየቤቱ የወጣ አልነበረም። ሚስቲቱም በአባቷ አስከሬን ፊት ልትላጭ እጇን ራሷ ላይ ብትጭን፣ ፀጉሯ ገና ጣት ውስጥ የሚገባ አልሆነም። ጉንጯ ላይ ያለው የጥር ጠባሳ ነው፤ አዲሱን ኀዘን ከአሮጌው የሚለይ አልነበረም። በገደሉ ወዲህና ወዲያ ቀብር ቀርተው የማያውቁት ሽማግሌ፣ አስከሬናቸውን ዳገት ያወጡት ከዚያች ትንሽ የማዶ መንደር የተገኙ ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሲደክማቸው የሚቀበላቸው ሰው አልነበረም።

መንደሩ እውነቱን የሰማው ዘግይቶ ነው። በሰልስቱ ሁሉም መጡ፤ ደጁ ላይ ቆመው ማንም ቀና ብሎ ሚስቲቱን ያየ አልነበረም።

ከለቅሶው በኋላ ሰውየው ኩታውን ይዞ ወደ ምድጃው ሄደ። ሊያቃጥለው ነበር። ሚስቱ ከእጁ ወሰደችበት።

«ቀለሙ ምን አደረገ? ያጠፋኸው ስታዞረው ነው» አለችው።

መቀስና መርፌ አምጥታ ጥለቱን ከኩታው ቆርጣ አነሳችው፤ ከዚያም በበርኖሱ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ዙሪያውን ሰፋችው። ሦስት ቀን ፈጀባት። በርኖስ ደግሞ አይዘቀዘቅም፤ ላይና ታቹ የታወቀ ነው።

በሚቀጥለው ጥምቀት ሰውየው እሱን ለብሶ ወረደ። በጥቁሩ ሕዝብ መሃል ሰማያዊው ባቱ ላይ ዞሮ ከሩቅ ታየ። ሳቁበት፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ዓመት ግን አንዱ አረንጓዴ ጠርዝ አሰፍቶ መጣ፤ ሌላው ብርቱካናማ። ብርዱም አልገባ፣ ሰውም ተለየ። ጎረቤት የሞተ ቀን ደግሞ ገበሬው ኩታውን፣ ጥለቱ የተቆረጠበትን ጫፍ ወደ ላይ አዙሮ፣ ከበርኖሱ በላይ ለብሶ ሲወጣ፣ «እውነት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም።

መሪጌታ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ይግረም ዞሩ።

«ያ ገበሬ አንተ ነህ። ቢጫህን ማንም አልጠላብህም፤ እኔ ራሴ ከግንቡ ሥር ሆኜ ከሩቅ ስትመጣ አውቄሃለሁ። ለዚህ ዓይኔ ትልቅ ውለታ ነው። ኀዘን በልብ ነው አልከኝ፤ ልክ ነህ። ግን ልብ ከበርኖሱ ሥር ነው፤ ማን ያየዋል? ልብሱ የአንተ ነው፤ ልብስ የሚናገርበት ቋንቋ ግን የሁላችን ነው። ገበሬው ሳያዝን አዘንኩ አለ፤ አንተ አዝነህ አላዘንኩም አልክ። ሁለታችሁም አፋችሁን አልከፈታችሁም። ሁለታችሁንም ከሁሉ አብልጣ የሰማቻችሁ የምትወዳችሁ ሴት ናት። እናትህ ትናንት ወንድሟን አፈር አልብሳ ዞር ስትል፣ ከሰው ሁሉ መሃል የፈለገችው አንተን ነው። አገኘችህም፤ ቢጫ ለብሰህ።»

ይግረም ጃኬቱን ቁልቁል አየ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «ታዲያ ጃኬቱን ልጣለው፣ የኔታ?»

«ማን ጣለው አለህ? ያን ሁሉ ያወራሁት ለማን ነው? ሴትየዋ ኩታውን አቃጠለችው?» አሉ መሪጌታ እየተቆጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገ ሰልስቱ ነው። ብርዱም አይለቅም። ጃኬትህን ልበስ፤ ከላዩ የእናትህን ነጠላ ደርብበት። የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደሚሆን ግን እሷን ጠይቃት።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«ማወቅህን አውቃለሁ» አሉ መሪጌታ። «ጠይቃት።»